በአማርኛ፣ እባካችሁ

የሰው ወሬ መቅዳት ሥራዬ ነው። እንዲህ ስል ሰላይ የምመስላቸው አሉ፤ የወልቂጤ ሰው ደግሞ ለመጠርጠር አይሰንፍም። ነገሩ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት አማርኛ የሚሰማ ኮምፒውተር ይሠራል፤ ሰው ሲናገር ሰምቶ የሚጽፍ። ኮምፒውተሩ የሚማረው ከሰው ድምፅ ስለሆነ ድምፅ የሚሰበስብ ሰው ያስፈልጋል። የወልቂጤና የቡታጅራ አካባቢ ሰብሳቢ እኔ ነኝ። ኮምፒውተር ተምሬ ከተመረቅኩ በኋላ ያገኘሁት የመጀመሪያ ደህና ሥራ ነው፤ እናቴ ቤት፣ ከራሴ ክፍል ሳልወጣ እሠራዋለሁ።

መጀመሪያ ላይ ሰው የምናስቀዳው እያስነበብን ነበር። ጽሑፍ እንሰጠዋለን፣ ያነባል፣ ኮምፒውተሩ ይጽፋል። አሳምሮ ነበር የሚጽፈው። ጣጣው የመጣው ሰው ጽሑፉን ትቶ ማውራት ሲጀምር ነው። መቼም እንደ ተጻፈ ነገር የሚያወራ ሰው የለም። «እንትን... ያ እንኳን... አለ አይደል...» እያለ ነው የሚያወራው። አንዱን ነገር ጀምሮ ይተወዋል፤ ሌላው ገብቶ ይጨርስለታል፤ ሁለቱም ባንዴ ይናገራሉ፤ በመሐል አንዱ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ አዎ ይላል። ኮምፒውተሩ እዚህ ላይ ሲደርስ ሳያጠና ፈተና እንደ ገባ ተማሪ ያልተባለውን ይሞላል፤ አለዚያም ጭጭ ይላል። በእኛ አገር ሰው ላይ ደግሞ ይብስበታል። አብዛኛው ሰው አማርኛን የተማረው ከጉራጊኛ በኋላ ነው፤ የሚያጠብቀውም የሚያላላውም እንደ ለመደው ነው። አንድ ቀን ለሙከራ እናቴን ስለ ጎረቤት ሠርግ አስወርቼ ቀዳሁና ለኮምፒውተሩ ሰጠሁት። ግማሹን እንኳ አላገኘውም። የጻፈውን ሳነብላት ከት ብላ ሳቀችና «ሐኪም ቤት ሄዶ ጆሮውን ይታይ እንጂ!» አለች። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ይሄ ማሽን እናቴን እስኪሰማት ድረስ እንቅልፍ የለኝም ብዬ ተነሳሁ። ያን ፉከራዬን ሳስበው አሁን የምገባበት ይጠፋኛል።

በኋላ ከአዲስ አበባ አዲስ ትእዛዝ መጣ። የሚተዋወቁ ሁለት ሰዎች ሳይዘጋጁ፣ ስለፈለጉት ጉዳይ፣ በስልክ ያውሩ ተባለ። የእያንዳንዳቸው ድምፅ ለየብቻ ይቀዳል። እኔም በዚያው መስመር ገብቼ በጆሮ ማዳመጫ እከታተላለሁ፤ እነሱ ግን እኔን አይሰሙኝም። የድምፅ ችግር ሲኖር ብቻ አንድ ቁልፍ ተጭኜ መናገር እችላለሁ።

የወልቂጤ ሰው ሊገለኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ እየተሳደበ የሚውል ሰው፣ ትቀዳለህ ሲባል ሚኒስትር ይሆናል። አንድ የባጃጅ ሹፌርና አንድ አስተማሪ ጓደኛሞች ነበሩ፤ ሲገናኙ መንገደኛ እስኪያፍር ድረስ የሚበሻሸቁ። ስልኩን ሲያነሱ አስተማሪው ጉሮሮውን ጠርጎ «ውድ አድማጮቻችን» አለ። ሹፌሩ በተራው ስለ ትራፊክ አደጋ መከላከል ንግግር አደረገ። መናኸሪያው ጋ ጎን ለጎን ሱቅ ያላቸው ሁለት ሴቶች፣ በደንበኛ ምክንያት ሲናቆሩ የሚውሉት፣ ሰዓቱ እስኪያልቅ ሲመራረቁ ቆዩ። አንዱ ደግሞ የገዛ ሚስቱን አንቱ አላት። ሚስትየው ግራ ገብቷት «ማንን ነው?» ስትለው ሰማሁና ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

አለቃዬ የላክሁትን ሁሉ ይመልስብኛል። «ይሄ ስብሰባ ነው እንጂ ወሬ አይደለም» ይለኛል። ጥሩ ሰው ነው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ ለዚህ ነው ይበልጥ የሚያሳቅቀኝ። አንድ ቀን «ወንድማማች ወይ እህትማማች ፈልጊ። አብሮ ያደገ ሰው እርስ በርሱ መኮፈስ አይችልም፤ ቢሞክርም አይዘልቅበትም» አለኝ። ወዲያው ትዝ ያሉኝ እናቴና አክስቴ ናቸው።

ስለ እነሱ መናገር አለብኝ። ሁለቱ ጉንችሬ አጠገብ ያለ ቀበሌ ነው የተወለዱት። እናቴ ታላቅ ናት፣ ወልቂጤ ተዳረች። አክስቴ ቡታጅራ ተዳረች፤ በርበሬ ትነግዳለች፣ በገበያ ቀን ማረቆ፣ ቆሼ ከተማ ድረስ ትወርዳለች። የአንድ እናት ጡት ጠብተው፣ አንድ ቆጮ ተካፍለው ያደጉ ናቸው። ግን ሴት አያቴ ከሞቱበት ቀን ጀምሮ አይነጋገሩም። ያን ቀን አክስቴ መንገድ ላይ ነበረች። መኪናው ተበላሽቶባት ለእናቴ ደወለችና «ደርሻለሁ፣ ጠብቁኝ» አለች። በእኛ በእስላሞች ዘንድ ቀብር አይቆይም፤ ቢሆንም እስከ ከሰዓት በኋላው የአስር ሰላት ልጅን መጠበቅ ነውር አልነበረም። አልተጠበቀችም። ስትደርስ አፈሩ ተመልሶ፣ ሰው እጁን ታጥቦ ተቀምጧል። እናቴ ለጠየቃት ሁሉ «ወንዶቹ ቸኮሉ፣ እኔን ማን ጠየቀኝ» አለች። አክስቴ ይህን አላመነችም።

ሽማግሌ ያልገባበት ዓመት የለም። ለአረፋ ሁለቱም ወደ ትውልድ ቀያቸው ይገባሉ፤ አንዷ ታላቅ ወንድማቸው ቤት፣ ሌላዋ ታናሹ ቤት ይበላሉ፤ መሐላቸው ያለው ሳር ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ ሲሄዱባት የአክስቴ መልስ አንድ ነው፦ «የሆነውን ከራሷ አፍ ልስማው። ሌላ አልፈልግም።» እናቴ ደግሞ እንዴት ብላ ትደውል? መጀመሪያ የደወለ ጥፋተኛ ነው። እንዲህ ሲሆን አምስት ዓመት አለፈ።

የእኔ ጥያቄ ግን ከሥራ የመጣ ነው። «ለሥራዬ ነው፣ ከአክስቴ ጋር ትንሽ ታወሪልኛለሽ?» አልኳት እናቴን። ትጮህብኛለች ብዬ ሰግቼ ነበር። ቀና ብላ እንኳ ሳታይ «ለሥራሽ ከሆነ እሺ» አለች። አክስቴም በስልክ «ለአንቺ ሥራ ከሆነ ምን አደርጋለሁ» አለችኝ። ሁለቱም ቶሎ እሺ አሉኝ። እኔ ሞኝ፣ ለእኔ ብለው መሰለኝ። የቀጠሮው ቀን እናቴ ለአረፋ የምታስረውን ሻሽ አሰረች። «እማ፣ ስልክ እኮ ነው፣ አታይሽም» ብዬ ሳቅሁባት። ሻሿን በመስታወት እያየች አስተካከለች።

እሷ የሰጠኋትን ማዳመጫ አድርጋ ሳሎን ተቀመጠች፣ እኔ ክፍሌ ገባሁ። ማዳመጫዬን ደፋሁ። ሁለቱ ድምፆች በኮምፒውተሩ ላይ እንደ ሁለት መስመር ይሄዳሉ፤ ከላይ የእናቴ፣ ከታች የአክስቴ። ተናጋሪዋ ድምፅ ስታወጣ መስመሯ ያብጣል፣ ዝም ስትል ይቀጥናል።

«አሰላሙ አለይኩም» አለች አክስቴ።

«ወአለይኩም ሰላም። ደህና ነሽ?»

«አልሐምዱሊላህ። ልጆቹስ?»

«ደህና ናቸው። የአንቺስ?»

እንዲህ ሲባባሉ ትንሽ ቆዩ፤ ይሄም ሊበላሽብኝ ነው ብዬ ጥፍሬን መንከስ ጀመርኩ። ከዚያ አክስቴ ስለ ቆሼ ገበያ አነሳች። የማረቆ በርበሬ ዘንድሮ ዝናብ መትቶት እንደ ጠቆረ ስትናገር እናቴ «አዪ! እኔንም ያን እንትን... ያ ሰውዬ... ያ ረጅሙ» ብላ ገባች። አክስቴ «አንካሳው?» አለች። «እሱ! ውሃ የነካውን ከሥር አድርጎ...» «ከላይ ደህናውን!» «ከላይ ደህናውን!» ባንድ አፍ ተናገሩ፤ ባንድ ላይ ሳቁ። ሁለቱም መስመር አብጦ ተደራረበ። እኔ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ስፈልገው የነበረው ይሄው ነው። እንትኑም፣ መቆራረጡም፣ ወደ ውስጥ የሚሳበው ትንፋሽም፣ ሁሉም አለ። አለቃዬ ሲሰማው ምን ይል ይሆን እያልኩ በልቤ እሱን ነበር የማናግረው።

ሳቃቸው ቀስ በቀስ በረደ። ከዚያ የእናቴ መስመር በቀስታ ተነሳ። ድምፅዋ ወርዷል፣ ቋንቋውም ሌላ ነው። በጉራጊኛ ነበር የምትናገረው።

እዚህ ላይ የሥራውን ሕግ ልንገራችሁ። የሚሰበሰበው አማርኛ ነው። አንድ ሁለት ቃል ጉራጊኛ ቢገባ ችግር የለም፤ ከረዘመ ግን ያ ክፍል ይቆረጣል፤ ከበዛም ሙሉ ቅጂው ይጣላል። እናቴ አንድ ሁለት ቃል ላይ አላቆመችም። ቀጠለች። የአክስቴ መስመር ቀጥ ብሏል፤ ትንፋሽዋ እንኳ አይሰማም። እኔ የምቆጥረው ሰከንድ ነው። ምን እያለች እንደሆነ አልሰማሁም፤ ጆሮዬ ላይ እያለች አልሰማኋትም። የታየኝ ከዚህ ሁሉ ልፋት በኋላ ያገኘሁት ደህና ቅጂ ከእጄ ሲወጣ ነው። ቁልፉን ተጫንኩ።

«በአማርኛ፣ እባካችሁ» አልኩ።

የሆስፒታል ካርድ ክፍል ሰው ሲጠራ በሚናገርበት ድምፅ ነው የተናገርኩት። ልጅነት የለበትም፣ ቁጣም የለበትም። ሁለቱም መስመር ቀጠነ። ቀድሞ የመጣው የአክስቴ ድምፅ ነው።

«እሺ። ይቅርታ» አለች። ለእኔ ነው ያለችው።

ከዚያ በአማርኛ ስለ ዝናቡ አወሩ። ቡታጅራ ዘንቧል ወይ፣ ወልቂጤስ እንዴት ነው። ሰዓቱ እስኪሞላ አወሩና ተሰነባበቱ። እናቴ ወደ ክፍሌ መጥታ የጆሮ ማዳመጫውን አስረከበችኝ። «አለቀ?» አለች። «አለቀ፣ በጣም ጥሩ ነበር፣ እንዴት አሪፍ አወራችሁ መሰለሽ!» አልኳት። ሻሿን ፈትታ እያጠፈች ወጣች።

በነጋታው የተቀዳውን ለመጻፍ ተቀመጥኩ። የእኔ ሥራ መቅዳት ብቻ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ከትክክለኛው ጋር እያስተያየ እንዲማር፣ የተባለውን ቃል በቃል መጻፍም አለብኝ። ጉራጊኛው ጋ ስደርስ ከየት እስከ የት እንደሚቆረጥ ምልክት ማድረግ ነበረብኝ። ለዚያ ደጋግሜ መስማት ግድ ነው። የእኔ ጉራጊኛ የከተማ ልጅ ጉራጊኛ ነው፤ ስመረቅና ስሰደብ እረዳለሁ፣ ሌላውን በግምት። ቀስ አድርጌ፣ ቁርጥ ቁርጥ እያደረግሁ ሰማሁት።

እናቴ ያለችው ይህ ነው፦ ያን ቀን፣ እህቴ፣ ዋሽቼሻለሁ። ጠይቀውኝ ነበር። የቀረ ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔም...

ከዚያ የሚመጣው የእኔ ድምፅ ነው።

ማዳመጫውን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አደረግሁት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የሚባለውን ያን ጊዜ ነው የተረዳሁት፤ እስከዚያ ሰው የሚያጋንነው ነበር የሚመስለኝ። አምስት ዓመት ሽማግሌ ያላወጣውን ቃል እናቴ በገዛ አፏ ልታወጣው፣ አጋማሹ ላይ አስቆምኳት። አጋማሹ ደግሞ ከምንም የከፋው ነው። ሳትናገር ብትቀር ኖሮ ጥርጣሬ ብቻ ነው። አሁን አክስቴ ያወቀችው እናቴ ተጠይቃ እንደነበረ ነው፤ ምን ብላ እንደ መለሰች፣ ለምን እንዲያ እንዳደረገች፣ ምን ያህል እንደ ተጸጸተች አልሰማችም። እኛ አገር ሽማግሌ ሲቀመጥ ተናጋሪው ራሱ ጨረስኩ እስኪል ማንም አያቋርጠውም፤ ቢሳሳትም፣ ቢረዝምም፣ ቢያለቅስም። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። እናቴና አክስቴ በሥራዬ አሳበው እኔን በመሐላቸው ሽማግሌ አድርገው አስቀምጠውኝ ነበር። ሽማግሌዋ ሰከንድ ትቆጥር ነበር።

ያም ሆኖ ቅጂውን ላክሁት። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን ላክሁት። አለቃዬ በዚያው ቀን ደወለ። እንዲህ ያለ እውነተኛ ወሬ ከየትኛውም ሰብሳቢ አልመጣልኝም አለ። ሳምንት ሳይሞላ የየከተማው ሰብሳቢዎች በኢንተርኔት ስንሰበሰብ ቅጂውን ለሁላችን አሰማ። እናቴና አክስቴ ሲስቁ፣ የማላውቃቸው ሰዎች አብረው ሳቁ። ጉራጊኛው ጋ ሲደርስ ያልፈዋል ብዬ ጠበቅሁ። አላለፈውም። የእናቴ ድምፅ መጣ፣ ከዚያ የእኔ፦ «በአማርኛ፣ እባካችሁ።»

«ሰማችሁ?» አለ አለቃዬ። «ሰው ቋንቋ ሲቀይር እንዲህ በትሕትና ነው የምታሳስቡት። ሳትቆጡ።»

አንዷ ሰብሳቢ ለእኔ የጭብጨባ ምልክት ላከች። እኔ ካሜራዬን አጥፍቼ ኩምሽሽ ብዬ ተቀምጫለሁ። እናቴ ሳሎን ነበረች፤ ድምፁ ይሰማታል። የገዛ ድምፅዋን፣ ከዚያም የእኔን፣ ሰምታለች። ስወጣ ጎመን ትቀነጥሳለች።

«እማ፣ ያን ቀን... አልገባኝም ነበር» አልኳት።

«ምኑ?»

«የምትነግሪያት ነገር። አቋረጥኩሽ።»

«አንቺ ምን አጠፋሽ» አለች፤ ጎመኑን አልተወችም። «ሥራሽ ነው። ሕጉ በአማርኛ ከሆነ በአማርኛ ነው።»

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እናቴ ስትቆጣ እናቴ ናት፤ እንዲህ ስትናገር ግን ቀበሌ ጉዳይ ሊያስፈጽም እንደ ሄደ ሰው ናት። በጉራጊኛ ይቅርታ ልጠይቃት ሞከርኩ። የማውቀውን ያህል አገጣጠምኩና ተናገርኩ። ፈገግ አለች፣ በደግነት፣ ከዚያ ወደ ጎመኗ ተመለሰች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

በሳምንቱ መጨረሻ ቡታጅራ ሄድኩ። ለእናቴ የት እንደምሄድ አልነገርኳትም። መንገዱን ሁሉ ለአክስቴ የምላትን ሳዘጋጅ ነበር፤ ያን ሁሉ ያነበነብኩትን ደጃፏ ስደርስ ረሳሁት። በርበሬ በተከመረበት ሱቋ በር ላይ ተቀምጣ ነበር። ድሮ ገና ከሩቅ ስታየኝ እየጮኸች መንገዱን አቋርጣ የምታቅፈኝ ሴት ናት። ተነሳችና ነጠላዋን አስተካከለች።

«እንኳን ደህና መጡ» አለችኝ። «ይግቡ። ይቀመጡ።»

«አክስቴ፣ እኔ እኮ ነኝ።»

«አውቄዎታለሁ። ምን ይምጣልዎት? ሻይ? ለስላሳ?»

የጤና ጣቢያ ባለሙያ፣ ቤት ለቤት የሚዞር ቆጣሪ እንደሚያናግሩት ነው ያናገረችኝ። ቃላቱን አንድ በአንድ አስተካክላ፣ እርስዎ እያለች። በርበሬው አስነጠሰኝና «ይማርዎት» አለችኝ። በጉራጊኛ ሰላም ልላት ሞከርኩ።

«ግድ የለም፣ በአማርኛ ይሁን» አለች። «መቅጃውን ከከፈቱት ይንገሩኝ፣ በደንብ እንድናገር።»

አለቀስኩ። ሱቅ ውስጥ ሰው ነበረ፣ በርበሬ የሚያስመዝን ሽማግሌ፤ እሳቸው ፊት እንደ ልጅ አለቀስኩ። አክስቴ ሽማግሌውን በጥድፊያ ሸኘቻቸውና መጥታ ከፊቴ ቆመች። ያን ጊዜ ነው እርስዎ ማለቷን የተወችው።

«ስሚ» አለች። «እህቴ ልትናገር ነበር። ስልኩ ላይ ከመጣችበት ጊዜ ጀምሮ አውቄዋለሁ። በርበሬ ምናምን ስትል፣ ስታስቀኝ፣ ወደዚያ እየመጣች እንደሆነ አውቄያለሁ። እኔም መንገዱን እየለቀቅሁላት ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ጠብቄ እዚያ ደረሰች። ደረሰችና አንቺ ገባሽ።»

«አክስቴ፣ ምን እያለች እንደሆነ...»

«አልሰማሽም። ጆሮሽ ላይ ማሽን አድርገሽ አልሰማሽም።» ቁና አንስታ መልሳ አስቀመጠች። «ጠይቀውኝ ነበር አለች። ምን ብላ መለሰች? አንቺ ታውቂያለሽ? ጠብቁ ብላ እምቢ አሏት? ወይስ ቅበሯት አለች? ማታ ማታ ሁለቱንም አስበዋለሁ። ድሮ የማስበው አንድ ነበር።»

አላውቅም አልኳት። እውነትም አላውቅም ነበር።

«ከሷ አፍ ነው የምሰማው» አለች አክስቴ። «ከአንቺ አይደለም፣ ከማሽኑም አይደለም። ደግሞ ራሷ ብትደውል አነሳለሁ። ይሄን ንገሪያት። ይሄን ብቻ።» ከዚያ ሻይ አመጣችልኝ። አጠገቤ ተቀመጠች፣ እጇን ግን ጭኗ ላይ አድርጋ ነው። ስነሳ እስከ መኪናው ሸኘችኝ፤ ሳመችኝም። በአማርኛ «ደህና ግቢ» አለችኝ።

ለእናቴ ያለችውን ቃል በቃል ነገርኳት። ሥራዬ ነውና ቃል በቃል መመለስ አይከብደኝም። እናቴ ብዙ ነገር አልጠየቀችኝም። «አነሳለሁ አለች?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ራሷ ናት ያለችው?» ራሷ ናት አልኳት። ከዚያ ነገሩን ተወችው። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። ቀናት አለፉ። በየቀኑ ከክፍሌ ስወጣ ፊቷን አያለሁ፤ እሷ ስለ ገበያ፣ ስለ ውሃ መቋረጥ ታወራኛለች። ያለ ሰበብ፣ ያለ ሥራ፣ መጀመሪያ ደዋይ ሆና ስልክ ማንሳት ለእናቴ ምን ያህል ዳገት እንደሆነ አውቃለሁ። ያኔ ሰበቡን የሰጠኋት እኔ ነበርኩ። የወሰድኩባትም እኔ ነኝ።

አረፋ ሊደርስ ሲል አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከተማ ደርሼ ተመለስኩ። የአጥር በሩን ስከፍት ከጓሮ፣ ከእንሰቱ በኩል ድምፅ ሰማሁ። የእናቴ ድምፅ ነው፤ ታለቅሳለች። ልሮጥ ብዬ አንድ እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ከስልኩ ድምፅ ማጉያ የአክስቴን ድምፅ ሰማሁና ቆምኩ። እሷም ታለቅሳለች። በጉራጊኛ ነው፤ በጥድፊያ፣ አንዷ ሌላዋን ሳታስጨርስ፣ ባንዴ እየተናገሩ፣ ባንዴ ዝም እያሉ። አክስቴ አንድ ነገር ጠየቀች፣ እናቴ መለሰች፣ ረጅም መልስ። አክስቴ አላቋረጠቻትም። ከዚያ አክስቴ ምን እንዳለች አላውቅም፤ እናቴ እያለቀሰች ሳቀች። ከስልኩም ሳቅ መጣ። አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ ተባባሉ። እኔ ቤቱ ጥግ ግድግዳውን ተደግፌ እንባዬ ይወርዳል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከሚሉት ውስጥ አንዳንድ ቃል ይገባኛል፤ ዋናው ግን አልገባኝም። ያን ቀን ወንዶቹ ሲጠይቋት እናቴ ምን ብላ እንደ መለሰች እስከ ዛሬ አላውቅም።

እናቴ ቀና ስትል አየችኝ። ፈገግ አለችልኝ፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ፊቷ ግን ወጣት መስሏል። እጇን ዘርግታ ነይ ነይ አለችኝ። ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ አንድ አጭር ቃል ተናገረች፤ ያቺን ቃል ሰምቻታለሁ፣ ልጄ መጣች ማለት ነው።

«ደህና አደርሽ ልጄ?» አለች አክስቴ። «እንዴት ነሽ? ሥራ እንዴት ነው?»

በአማርኛ ነበር። ጥርት ባለ፣ ባልቸኮለ አማርኛ። እናቴም በአማርኛ ገባች፤ «ደህና ናት፣ አሁን ነው የገባችው፣ እህቴ ዝናብ ዘነበ ወይ እዚያ?» አለች።

«በጉራጊኛ ቀጥሉ» አልኳቸው። «እባካችሁ። እኔ እሄዳለሁ።»

«አይ፣ ምን ያጣድፍሻል፣ ቁጭ በይ» አለች እናቴ። አጠገቧ ያለውን የእንጨት ዱካ በእጇ ጠረግ አደረገችልኝ፤ ድምፅዋ ውስጥ ምንም ነቀፋ የለም። «አንቺ እንዳይከብድሽ ብለን ነው።»

ተቀመጥኩ። እኔ ተነስቼ እስክሄድ ድረስ በአማርኛ አወሩ።